በቡሎን የተሳበ ካምቢዮ

ባሕር ዳር ውስጥ አውቶማቲክ ካምቢዮ የሚያውቅ ሰው ሲፈለግ መጀመሪያ የሚነሳው ስም የእኔ ነው፤ ማስተር ጥሩነህ። ማንም አላስተማረኝም። ያወቅሁትን ሁሉ ያወቅሁት ሌሎች አበላሽተው የጣሉትን እየፈታሁ ነው። ይህን የምጽፈው ለሙያ ባልደረቦቼ ነው። የሚያኮርፍ ካለ ያኩርፍ።

በመጀመሪያው የሥራ ቀኔ፣ ግሽ አባይ ሰፈር ባለ አንድ ጋራዥ፣ የተፈታ የመኪና ዕቃ በናፍጣ እንዳጥብ ታዘዝሁ። አለቃው «እጠብ እንጂ አትነካካ» አለኝ። እያጠብሁ ሁሉም ከየት እንደወጣ አየሁ። ብዙም ሳይቆይ ያው አለቃ «ይቺ የት ነበር የምትገባው?» እያለ እኔን ይጠይቅ ጀመር።

የመጨረሻው አለቃዬ ሞላ ነበር። በጋራዡ በር ላይ በትልቁ «ማስተር ጥሩነህ እዚህ ይሠራል» ብሎ አጻፈ። ደንበኛ የሚመጣው ለዚያ ጽሑፍ ነው። ለሞላ ብሎ የመጣ ሰው አላየሁም።

ሲስተር ሙሉ ነርስ ናት፤ በየቀኑ እየነዳች ሐሙሲት ሄዳ ትሠራለች። የመኪናዋ ፍሌክስፕሌት ተሰነጠቀ። ይህ ከሞተሩ ጋር የሚታሰር ስስ የብረት ሳህን ነው። የሞተሩን ጉልበት በዘይት ወደ ካምቢዮ የሚያሻግረው ኮንቨርተር የሚታሰረው እሱ ላይ ነው።

ሞላ ሌላ ፋብሪካ የሠራውን ሳህን ገዝቶ አመጣ። ቀዳዳውም ጥርሱም ልክ ነው። በካሊፐር ስለካው ግን ጥልቀቱ ልክ አይደለም፤ ወደ ካምቢዮው ወጣ ይላል። ኮንቨርተሩ እስከ መጨረሻው ከገባ በኋላ በእሱና በሳህኑ መካከል ትንሽ ክፍተት መቅረት አለበት። እዚህ ክፍተት የሚባል የለም።

«ይህን አልገጥምም። ኮንቨርተሩን እየገፋ የካምቢዮውን ፓምፕ ይሰብራል» አልሁት።

«ጋሽ ጥሩነህ፣ እርስዎ ደግሞ ማካበድ ይወዳሉ። ቡሎኑ ሲጠብቅ ይስበዋል።»

«ቡሎን ማሰሪያ ነው እንጂ መሳቢያ ነው እንዴ?»

«እንግዲያውስ ረዳትዎ ደሳለኝ ይገጥመዋል።»

ካሊፐሬን ኪሴ ከትቼ ወደ ቤቴ ሄድሁ።

መኪናው ሐሙሲት አልደረሰም። መንገድ ላይ ጮኸ፣ ዘይቱን አፈሰሰ፣ ቆመ። ሲስተር ሙሉ ቤቴ ድረስ መጣች።

«ሞላ የገጠሙት ጋሽ ጥሩነህ ናቸው፣ ዓይናቸው ደክሟል አለኝ። እኔ በሩ ላይ ስምዎን አይቼ ነው መኪናዬን የሰጠሁ። ከደከሙ ለምን አይቀመጡም?»

ደሜ ፈላ። ያልነካሁትን ሥራ በስሜ! ይዣት ጋራዥ ሄድሁ።

ካምቢዮው ሲወርድ ፓምፑ ተሰብሯል። ሞላ አዲስ ፓምፕ አስመጣ፤ አሁንም ሳህኑ ደህና ነው ይላል። «በል፣ እሷ ቆማ እያየች በዚያው ሳህን ግጠሙ» አልሁት። ደሳለኝ ኮንቨርተሩን አስገባ፤ እስከ መጨረሻው መግባቱን ራሱ ለክቶ አረጋገጠ። ካምቢዮውን አንስተን በእጅ ገፋነው። ኮንቨርተሩ ሳህኑን ስለነካ ካምቢዮው ከሞተሩ ጋር አልተጋጠመም፤ በሁለቱ መካከል ክፍተት ቀረ።

«ሲስተር፣ የመኪናሽን ቁልፍ እዚህ ክፍተት ውስጥ አስገቢ።»

ገባ።

«ቡሎን ሲጠብቅ ይዘጋል» አለ ሞላ፤ አያፍርም።

«ባለፈውም እንዲህ ነው የዘጋችሁት?» አለችው።

ደሳለኝ የያዘውን የቡሎን መፍቻ መሬት ላይ አስቀመጠ። «አዎ እህቴ። ያጠበቅሁት እኔ ነኝ። ጋሼ እንቢ ብለው ሄደው ነበር።»

«ዓይኑ የደከመው ማን ኖሯል?» አልሁት ሞላን። ሲስተር ሙሉ ሳቀች፤ እኔ አልሳቅሁም።

ጥልቀቱ ልክ የሆነ ሳህን ራሴ ፈልጌ፣ ራሴ ለክቼ አመጣሁ። ካምቢዮው በእጅ ተገፍቶ ገጠመ። ኮንቨርተሩ በጣቴ ዞረ። ቡሎን ያነሳሁት ከዚያ በኋላ ነው። ሲስተር ሙሉ ይኸው እስከ ዛሬ ሐሙሲት ትመላለሳለች።

ትምህርቱ አጭር ነው። ካምቢዮ በእጅ ካልተጋጠመ በቡሎን አይሳብም፤ ወርዶ ይለካል።

እኔ ያደረግሁትን ልቁጠር። ያለ አስተማሪ አውቶማቲክ ካምቢዮ ፈትቼ ገጥሜያለሁ። ሌሎች የብረት ዋጋ ብቻ ያወጣል ያሉትን መኪና ጎንደር አድርሼ መልሻለሁ። ደሳለኝን ካሊፐር ማንበብ አስተምሬያለሁ። አንዲት ነርስ ሥራዋ ላይ እንድትደርስ አድርጌያለሁ። መኪናዋ በተጠገነበት በዚያው ቀን ደግሞ መሰላል አቁሜ፣ ሞላ ቆሞ እያየ፣ ስሜን ከጋራዡ በር ላይ ፍቄ አነሳሁ።