የካዛንቺሱ የምሳ ማዕቀብ

ስታዲየም፣ ጎህ ሲቀድ

የጋዜጣችን አዘጋጅ ስለ ታላላቅ መንግሥታት የንግድ ፖሊሲና ስለ ጦር ኃይላቸው ወሰን የጉዞ ማስታወሻ ጻፍ አለኝ። ጅቡቲ ወርጄ የጦር መርከብ ላይ ልወጣ ነው ብዬ ሻንጣዬን ሳዘጋጅ በጀቱ ለታክሲ ብቻ መሆኑን ነገረኝ። ስለዚህ ዛሬ ሰኞ፣ ገና ሳይነጋ፣ ከስታዲየም ጀርባ ተነስቼ ወደ ካዛንቺስ እየተጓዝኩ ነው። አንባቢ ይቅር ይበለኝ፤ በመንገዴ ላይ ባሕር የለም።

አብራኝ የምትጓዘው ታላቅ እህቴ አስካለ ናት። አስካለ ካዛንቺስ አንድ ትልቅ ሕንፃ ውስጥ ለሚሠሩ የቢሮ ሰዎች ምሳ አብስላ ታደርሳለች። ሁለት ልጆቿን የምታሳድገው በዚህ ነው፤ ሌላ ገቢ የላትም። ባለፈው ሳምንት የሕንፃው ባለቤት አቶ ደምሰው ምድር ቤቱ ላይ የራሳቸውን ምግብ ቤት ከፈቱና በሩ ላይ ወረቀት ለጠፉ፦ «ከሰኞ ጀምሮ ከውጭ ምግብ ማስገባት ክልክል ነው።» ወረቀቱ እንዳይናቅ አዳዲስ ጥበቃዎች ቀጠሩ። ቆመጥ፣ ቡትስ ጫማ፣ ፊሽካ፣ የሠራዊት ነገር ምንም አልጎደለም።

«ካላስገቡሽስ?» አልኳት ድስቶቹን ታክሲው ላይ ስንጭን።

«በሩ ላይ እቆማለሁ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ እሱ ያውቃል። አንተ ዝም ብለህ ያዝ፣ ሽሮው እንዳይደፋ።»

ፈርታለች። አስካለ ስትፈራ ትቆጣለች።

ታክሲ ውስጥ

ሬዲዮው አሜሪካ በዓለም ሸቀጥ ላይ ስለጨመረችው ቀረጥ ያወራል። ከኋላ የተቀመጠ፣ ጆሮው ላይ ማዳመጫ የሰካ ወጣት ቀድሞ ተናገረ። «ፓወር አላት እኮ ብሮ፣ ማለቴ ቀረጡን ጫን ስታደርገው ሁሉም ይንበረከካል፣ በቃ።»

«የቱ ፓወር?» አለ ሹፌሩ በመስታወቱ እያየው። «ቀይ ባሕር ላይ ያን ሁሉ የጦር መርከብ ደርድራ፣ የነጋዴውን መርከብ በዚህ እለፍ ብላ ማሳመን አልቻለችም። ሚሳይል ፈርቶ አፍሪካን ዞሮ ነው የሚሄደው።»

«እሱ ኢንሹራንስ ተወዶበት ነው።»

«ታዲያ መድፍ ኢንሹራንስ ያረክሳል እንዴ?»

ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። አስካለ ብቻ አልሳቀችም። የእሷ ቀይ ባሕር ካዛንቺስ ነው፣ ዞራ የምታልፍበት መንገድም የለም።

ባምቢስ፣ ጠዋት

እንጀራው የሚመጣላት ከባምቢስ ጀርባ ካለ ቤት ነው። እስኪደርስ አንድ ካፌ በረንዳ ላይ ተቀመጥንና ማኪያቶ በኬክ አዘዝኩ። የኬኩ ክሬም አፌ ውስጥ እንዳለ አስካለ ትኩር ብላ አየችኝ።

«ዛሬ እኮ ነነዌ ነው።»

አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ነነዌ እንደ ዐቢይ ጾም ቀድሞ ለፍፎ የሚመጣ ጾም አይደለም። ቀኑ በየዓመቱ ይቀያየራል፣ ሦስት ቀን ብቻ ነው፤ ሰኞ ጠዋት ድንገት ከች ሲል ስንቱን ከነቁርሱ ይይዛል። ኬኩን በሶፍት ሸፈንኩት። ማኪያቶውን መሸፈን ግን አልቻልኩም።

«አይዞህ፣ ብቻህን አይደለህም» አለች። «አቶ ደምሰው ቅዳሜ ግማሽ ሰንጋ ሲያስገቡ አይቻለሁ።» በዚያ ጠዋት ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች።

ኡራኤል፣ ረፋድ

አቋራጩ ለኮሪደር ሥራ ተቆፍሮ ተዘግቷል። እኛም እንደ ነጋዴ መርከብ በኡራኤል ዞርን። ነጠላ ለባሹ ከቤተ ክርስቲያን እየወጣ አስፋልቱን ሞልቶታል፣ መኪናው ቆሟል፣ ጥሩምባው ያደነቁራል። አስካለ አማትባ ሕዝቡን በሰሃን ብዛት የምትለካ ይመስል ዐይኗን አዞረችበት።

ካዛንቺስ፣ ቀትር

ድሮ የማውቃቸው ሥጋ ቤቶች የነበሩበት ቦታ አሁን ሰፊ የእግረኛ መንገድና አበባ ሆኗል። ሕንፃው በር ላይ የጥበቃዎቹ አለቃ፣ ሃምሳ አለቃ ታደሰ፣ እጃቸውን ዘረጉ።

«እህቴ፣ ትእዛዝ ነው።»

«አውቃለሁ። ከበሩ ውጭ መቀመጥስ?»

ሃምሳ አለቃ ወረቀቱን ደግመው አነበቡት። ስለ ውጭ የሚል ነገር የለበትም። አስካለ ድስቶቿን አጥሩ ጥግ ደረደረች።

ከምግብ ቤቱ የጥብስ ሽታ ይወጣል፣ ወንበሮቹ ግን ባዶ ናቸው። አስተናጋጇ ብቻዋን ዝንብ ታባርራለች። ሰላም የምትባል፣ ላይኛው ፎቅ የምትሠራ የሂሳብ ሠራተኛ መጥታ ሹክ አለችን።

«አሁን ተሯሩጠው ሽሮ ሠርተዋል። ግን ድስቱም ጭልፋውም ቅቤ የነካው ነው፤ ማን ይደፍራል? ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።»

«እናንተስ መቼ ነው የምትበሉት?» አልኳት።

«ዘጠኝ ሰዓት ነዋ። እስከዚያ ውሃም የለም።»

ጠበቅን። አስካለ የድስቶቹን ክዳን በፎጣ ትጠቀልላለች፣ ትፈታለች፣ መልሳ ትጠቀልላለች። «ባይወርዱስ?» አለችኝ አንዴ። ኬክ የበላሁት እኔ መሆኔ አሳፈረኝ።

ካዛንቺስ፣ ዘጠኝ ሰዓት

ወረዱ። መጀመሪያ ሰላም፣ ቀጥሎ ፎቁ ሁሉ። ደረጃው ላይ፣ የአበባው አጥር ጠርዝ ላይ ሰሃናቸውን ይዘው ተቀመጡ። ጥቂት ቆይቶ አንደኛው ጥበቃ ቆመጡን ግድግዳ ላይ አስደግፎ መጣ። ቀጥሎ ሁለተኛው። ሃምሳ አለቃ ለአፍታ ከራሳቸው ጋር ተሟገቱ። «እኛም ጿሚ ነን» አሉና እጃቸውን ታጠቡ። ሠራዊቱ በሙሉ ሽሮ ላይ ሰፈረ።

ያኔ አስተናጋጇ ብቅ አለች። «አቶ ደምሰው አንድ ሰሃን ላኪልኝ ብለዋል።»

«ምን ገዶኝ» አለች አስካለ። «ግን ከውጭ ምግብ ማስገባት ክልክል ነው።»

«ክልክል ነው» አሉ ሃምሳ አለቃ አፋቸው እንደሞላ።

አቶ ደምሰው ራሳቸው ወረዱ። አስካለ ብድግ ብላ የጥበቃውን ወንበር በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችላቸው።

«ይቀመጡ ጋሼ። ቤት ያፈራው ነው።»

አንገታቸውን ደፍተው በሉ። ጨመረችላቸው። እንደገና ጨመረችላቸው። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«በይ እንግዲህ፣ እስከ ረቡዕ መግባት ትችያለሽ። ነነዌ እስኪፈታ።»

«እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። ዐቢይ ጾምም እኮ ደረሰ፤ ሁለት ሳምንት ቢቀረው ነው።»

የአቶ ደምሰው እጅ ሰሃኑ ላይ ቆመ። «እሱ ስንት ቀን ነበር?»

«ሃምሳ አምስት» አሉ ሃምሳ አለቃ።

አቶ ደምሰው ባዶውን ምግብ ቤታቸውን አዩ፣ ደረጃው ላይ የተኮለኮሉትን ተከራዮቻቸውን አዩ፣ ሠራዊታቸውን አዩ።

«ሃምሳ አለቃ፣ ያንን ወረቀት አንሳው።»

«እሺ ጌታዬ» አሉ ሃምሳ አለቃ፣ ሳይነሱ። «ይችን ልጨርስና።»