ምናለ የመረጠው ማሽን

ይስማው ቀጥቃጭ ነበር። ከቁይ ከተማ ወረድ ብሎ ባለች መንደር ማረሻና ማጭድ ይሠራል። ከዚያ በላይ ግን የሚታወቀው የተተኮሰ ቀለህ በባሩድና በእርሳስ መልሶ በመሙላት ነው። አንድ በአንድ በእጁ ስለሚሞላ በቀን ከሃያ አያልፍም፤ ሆኖም የእሱ ጥይት ከሽፎ አያውቅም። መሣሪያ ያለው ሁሉ ደጅ ይጠናዋል። ያው ሰው ቤቱ ሲገባ ልጆቹን «በዚያ አትለፉ፣ ቡዳ ነው» ይላቸዋል። ይስማው ለምዶታል። ሚስቱ የብርጓል ግን ለምዳው አታውቅም።

አምና ከጥምቀት በኋላ ምናለ የሚባለው የአገሩ ባለጸጋ አስጠራው። የአባቱ ተዝካር ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። አባትየው ስመ ጥር ተኳሽ ስለነበሩ ያለ ተኩስ አይሆንም።

«አምስት መቶ ጥይት እፈልጋለሁ» አለው።

«በእጅ አይደርስም ጌታዬ።»

«ማሽን እገዛለሁ። አብረኸኝ ና፣ ምረጥ።»

ቁይ ላይ መለዋወጫ የሚነግደው ዑበይዱላህ፣ ከአንድ የሞተ አዳኝ ቤት የገዛቸው ሁለት የጥይት መሙያ ማሽኖች ነበሩት። መጋዘኑ ወለል ላይ አስቀመጠላቸው።

«ይሄ ወፍራሙ፣ እጀታውን ደጋግማችሁ ተጭናችሁ አንዲት ቀለህ ብቻ ነው የሚሠራው» አለ። «ያኛው ጭንቅላቱ እየዞረ በተጫናችሁት ቁጥር አንድ ያለቀ ጥይት ይጥላል። እውነቱን ልንገራችሁና፣ ዟሪው ዓይን ይፈልጋል። ልብ ካላሉት በባሩድ ላይ ባሩድ ይደርባል።»

ይስማው ወፍራሙን ዳበሰው። «ይሄ ይሁን ጌታዬ። ቀን ከሌት ከሠራሁ ይደርሳል፤ እያንዳንዷንም አያታለሁ።»

ምናለ ሳቀ። «ቀጥቃጭ መቼም ከባድ ብረት ሲያይ አያስችለውም። ዟሪውን ጫኑልኝ!»

ሥራው በምናለ ግቢ ውስጥ ሆነ። ቀትር ላይ ይስማውን አስወጥተው አጥሩ ሥር፣ ለእሱ ብቻ በተለየ ገበቴ ያበሉታል። በአራተኛው ቀን በልቶ ሲመለስ ምናለ ራሱ እጀታውን ይጫናል፤ ሚስቱ የኔአለም አጠገቡ ቆማ ታያለች።

«አየሽ? የቡዳው ጥበብ ይሄው ነው!» ይላታል።

ይስማው ደነገጠ። «ስንት ሠሩ ጌታዬ?»

«ምኑን ልቁጠረው!»

«ከእኔ ጥይቶች ጋር ተቀላቅለዋል። የዛሬውን ሁሉ ልፍታው። ባሩድ ደርቦ የጠጣ ካለ ጠመንጃ ይበትናል።»

«የሠራሁትን ልታፈርስብኝ ነው? ቁጭ በልና ቀጥል!»

የኔአለም ወደ መሬት አየች። ይስማው ተቀምጦ ቀጠለ። በኋላ ለየብርጓል ሲነግራት «እዚያ ላይ ጥዬ መውጣት ነበረብኝ» ይላት ነበር።

የተዝካሩ ቀን፣ ፍትሐቱ እንዳበቃ ተኩሱ ተጀመረ። የምናለ ታናሽ ወንድም ገዳሙ ሦስተኛዋን ሲተኩስ ጠመንጃው እጁ ላይ ፈነዳ። ቀኝ ዓይኑ ፈሰሰ። በቃሬዛ እስከ መኪና መንገድ ወስደው ደብረ ማርቆስ ሐኪም ቤት አደረሱት።

«ቡዳው ነው! ወንድሜን በላብኝ!» እያለ ከሁሉ አብልጦ የጮኸው ምናለ ነበር።

ገዳሙ ከሐኪም ቤት በተመለሰ ሰሞን ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ሰብሳቢው በዲማ ገዳም የተማሩት አለቃ ወልደ ገብርኤል ነበሩ። ይስማው የሆነውን ሁሉ ተናገረ።

«ምስክር አለህ?» አሉት።

«አለኝ። ወይዘሮ የኔአለም አይተዋል።»

የኔአለም ነጠላዋን እስከ አፏ ስባ ተነሣች። ባሏን አየችው። «እኔ ጓዳ ነበርሁ፤ ያየሁት የለም» አለች።

ሽማግሌዎቹ የአሥር ቀን ቀጠሮ ሰጡ። ምናለ ቀጠሮውን አልጠበቀም። በማግሥቱ ገዳሙንና ሁለት ዘመዶቹን ይዞ ይስማው ቤት ደረሰ። ገዳሙ ዓይኑ ገና እንደታሸገ ነው። ዘመዶቹ ይስማውን ጣሉት፤ ገዳሙ ቀኝ እጁን ድንጋይ ላይ አስደግፎ ያዘበት። ምናለ የራሱን የይስማውን መዶሻ አንሥቶ ጣቶቹን አንድ በአንድ ቀጠቀጣቸው። የብርጓል እየጮኸች ወጣች። ጎረቤቶቹ በየአጥራቸው ቆመው ያያሉ፤ የተጠጋ የለም።

የይስማው እጅ አልዳነም። ክስ ቢያቀርብም አየሁ የሚል ሰው ጠፋ። ባልና ሚስት ዕቃቸውን ጭነው አማኑኤል ከተማ ሄዱ። እዚያ የብርጓል መዶሻ መምታት ተማረች፤ ይስማው በግራ እጁ ወናፍ ይነፋል።

ዘንድሮ በአጨዳ ወራት ገዳሙ ብቻውን መጣ። በአንድ ዓይኑ ሁለቱንም አየ።

«ባሩዱን የደረበው ምናለ እንደሆነ አውቃለሁ» አለ። «ገና ሐኪም ቤት ተኝቼ ሳለሁ የኔአለም እያለቀሰች ነግራኛለች።»

የብርጓል መዶሻዋን አቆመች። «እያወቅህ ነው እጁን የያዝኸው?»

«በወንድሜ ላይ ልነሣ? ዓይኔ ጠፍቶ፣ ያጠፋው የለም ብዬ እንዴት ልተኛ?»

ገዳሙ ከጋቢው ሥር ማጭድ አወጣ። «ዶልዱሞብኛል» አለ።

የብርጓል ባሏን አየችው። ይስማው ወደ ወናፉ ጎንበስ አለ። ማጭዱን ሠራችለት፤ ገዳሙ ስለቱን በአውራ ጣቱ ሞክሮ ወደ አውራ ጎዳናው ሄደ። የብርጓል መዶሻውን ወርውራ በሄደበት ምራቋን ተፋች።

«ትናንት የመጣውን ሰውዬ ማረሻ አምጪ» አላት ይስማው፤ «ፍሙ ሳይበርድ።»