የዳማ ጉልበትና የኦቦ ድንቁ ቀብር

ይህ የሆነው በአዲስ አበባው ማስተር ፕላን ግርግር ጊዜ፣ እዚሁ ሱሉልታ ነው። የዚያን ዘመን ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ ይኼ ግን ጥምቀት በደረሰ ቁጥር ትዝ ይለኛል። ትምህርቴ ጥቂት ስለሆነ እንደማወራው ነው የምጽፈው።

ዳማ የሚባል ፈረስ ነበረኝ፤ አሁንም አለኝ። በጥምቀት ግልቢያ የሚፎካከረው የጎረቤቴ የኦቦ ድንቁ ፈረስ ብቻ ነበር። እኔና ኦቦ ድንቁ ዕድሜ ልካችንን በፈረስ ተፎካክረናል፤ በሌላ ነገር ግን ክፉ ተነጋግረን አናውቅም።

አንድ ቀን ጠዋት አስፋልቱ በድንጋይ ተዘግቶ ሳለ ከገበያው በኩል ተኩስ ተሰማ። ዳማ ደንብሮ ገመዱን በጠሰና በረረ፤ የተከመረው ድንጋይ ላይ ወደቀ። ሲነሳ ቀኝ የፊት እግሩን መርገጥ አቃተው። ጉልበቱ ወዲያው አበጠ።

ኦቦ ድንቁ መጥቶ አየውና ራሱን ነቀነቀ።

«ይኼ ከእንግዲህ የጅብ ነው» አለኝ። ዳማን ደግሞ አየና፣ «ግን እሱ ከሌለ በጥምቀት ማንን ልቀድም ነው?» አለ።

«መች ቀድመኸው ታውቃለህ?» አልኩት።

እኔ ተስፋ ስላልቆረጥኩ እንደ አባቶቻችን ጉልበቱን ልተኩሰው ብዬ ብረት እሳት ውስጥ ከተትኩ። ይኼኔ መንገድ ተዘግቶባቸው ከቆሙት ሚኒባሶች አንዲት ሴት ወርዳ መጣች። ወደ ፍቼ የምትሄድ የእንስሳት ሐኪም ነበረች።

«አባባ፣ ብረቱን ይተዉት» አለችኝ። ጭቃው ላይ ተንበርክካ ጉልበቱን ብዙ ጊዜ ዳሰሰችው። «እዚህ ጋ ትንንሽ አጥንቶች አሉ። የአንዱ ጠርዝ ሳይሰበር አልቀረም። ራጅ ስለሌለ በግምት ነው የምነግርዎ።»

«ይድናል?»

«ካረፈ። ሦስት ወር ከጋጣ እንዳይወጣ። ከዚያ በእጅዎ እየሳቡ ጥቂት ጥቂት ያራምዱት። ዓመት ሳይሞላ ማንም እንዳይጋልበው። ደግሞ ቶሎ ማነከሱን ይተዋል፤ ያኔ ነው የሚያታልልዎ።»

በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላ አሰረችለትና መንገዱ ሲከፈት ሄደች።

በሁለተኛው ወር ኦቦ ድንቁ ታሞ ሞተ። በእኛ አካባቢ ፈረሰኛ ሲሞት ወዳጆቹ ፈረሳቸውን በጌጥ ሸልመው ይሸኙታል፤ ያለ ፈረስ መሄድ ሟቹን እንደ መናቅ ነው። ዳማ በዚያን ጊዜ ማነከሱን ትቷል። ልጄ ግርማ፣ «አባዬ፣ በእርምጃ ብቻ ብንወስደው ምን ይሆናል?» አለኝ። ኮርቻውን አወጣሁ፤ ጋጣው በር ላይ ቆሜ ብዙ አሰብኩ። የሐኪሟ ነገር ትዝ አለኝና ኮርቻውን መለስኩት።

በዳማ ፈንታ ባዶ ልጓሙን በእጄ ይዤ ከፈረሰኞቹ ኋላ በእግሬ ሄድኩ። አንዱ ዞር ብሎ፣ «ለድንቁም ይሰሰታል?» ሲል ሰማሁት። የሟቹ ባለቤት አዴ ጫልቱ ልጓሙን አየች፤ ምንም አላለችኝም። ያ ዝምታ ከሰውዬው ንግግር በላይ ከበደኝ።

ዳማ አንዱን ጥምቀት ጋጣ ውስጥ አሳለፈ፤ ሁለተኛውንም ተመልካች ሆኖ። በሦስተኛው ግርማ ጋለበውና ሦስተኛ ወጣ። እኔ ግን ወደ ቤት አላስገባሁትም፤ በጌጡ እንደተሸለመ አዴ ጫልቱ ደጅ ወሰድኩት።

ወጥታ አየችው። ጎንበስ ብላ ጉልበቱን በመዳፏ ዳበሰች።

«ዘገየህ» አለች። ለእኔ አይደለም፣ ለእሱ ነው። ከዚያ ወደ እኔ ቀና ብላ፣ «ድንቁ ቢኖር ዛሬም ቀደምኩት ይል ነበር» አለችኝ።

«ይል ነበር» አልኳት። ሁለታችንም ሳቅን፤ እንባም መጣ።

ያ ዝምታ ከላዬ የወረደው ያን ቀን ነው። ዛሬ የሚቆጨኝ የሐኪሟን ስም አለመጠየቄ ብቻ ነው። ይህን ካነበበች ግን እንድታውቀው፦ ዳማ አርጅቷል፣ ጥርሱም አልቋል፤ እግሩ ግን ዛሬም አያነክስም።