ዓይናለም ያጠራችው ፊልም

ቂም ውሎ አድሮ ይበርዳል የሚል ሰው የደብረ ታቦሯን ዓይናለምን አያውቃትም። ይህች የትምህርት ቤት ጸሐፊ ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ቂሟን እንደ እርሾ ሳታቋርጥ አቆይታዋለች።

ነገሩ የጀመረው በጎረቤቷ በጋሼ ካሳሁን ልጅ በትዝታ ሠርግ ነው። ሙሽራው ለጥሎሽ ያመጣው የወርቅ ሀብል ከጓዳ ጠፋ። በማግስቱ ሽማግሌዎች ሰፈሩን ሰብስበው አውጫጭኝ ተቀመጡ። ጋሼ ካሳሁን ተነሥተው፣ ጓዳቸው የገባችው ጠላ ስታስቀዳ የዋለችው ዓይናለም ብቻ እንደሆነች ተናገሩ። በቃ፣ ሌባ ሆነች። ከማርያም ማኅበር አስወጧት፤ ሰው ቤት ስትገባ ሴቶቹ ቦርሳቸውን ወደ ጉያቸው ይስቡ ጀመር። እናቷ ወይዘሮ አበበችም የሌባ እናት እንደተባሉ አፈር ገቡ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ ዓይናለም ይህችን የመጨረሻዋን አልረሳችም።

የሠርጉ ፊልም ግልባጭ እጇ ላይ ነበር። ካሜራው ጭፈራውን ሲቀርጽ ከኋላ የተከፈተው የጓዳ በር አብሮ ገብቷል። በቴሌቪዥን ስታየው ግን ውስጥ የቆመው ሰው ፊት የለውም፤ ድብዝዝ ያለ ነገር ነው። አምና አሮጌ ኮምፒውተር ገዛች፤ በገመድ ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኘችውና ምስል የሚያጠራ ፕሮግራም ጫነችበት። ኮምፒውተሩ እንደ ደካማ በሬ ነው። የአንዲት ደቂቃ ፊልም ለማጥራት ቀኑን ሙሉ ያቃስታል፤ መሀል ላይ መብራት ከጠፋ ደግሞ እንደገና ከሀ። እሷም እየተሳደበች እንደገና ትጀምራለች።

ክረምቱ ሲወጣ ፊቱ ጠራ። ጋሼ ካሳሁን ራሳቸው፣ የገዛ ልጃቸውን ሀብል ከሣጥን አውጥተው ኪሳቸው ሲከቱ። ዓይናለም አላለቀሰችም። ደስ አላት፤ ደስታዋም ክፉ ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ያኔ አውጫጭኝ የተቀመጡትን ሽማግሌዎች፣ የማኅበሩን ሴቶችና ትዝታን ቤቷ ጠራች። ፊልሙ ጠርቷል፣ ጓዳ የገባውን ሰው ኑና እዩ አለቻቸው እንጂ ማንነቱን ለማንም አልተነፈሰችም። ሁሉም እንደተቀመጡ ጋሼ ካሳሁን ትከሻቸው ላይ ድንጋይ ተሸክመው በሩ ላይ ጎንበስ አሉ። ስማቸውን እንኳ ያነሣ ሰው አልነበረም። ትዝታ አባቷን አይታ አንገቷን ደፋች።

በአገሩ ደንብ ድንጋዩን ከበዳይ ትከሻ የሚያወርደው ተበዳዩ ነው፤ ካወረደ ይቅር አለ ማለት ነው፣ ነገሩም ዳግመኛ አይነሣም። የጋሼ ካሳሁን ብልጠት እዚህ ላይ ነው፤ ፊልሙ ሳይታይ ሊገላገሉ።

«ተይ ልጄ» አሉ ከሽማግሌዎቹ አንዱ አለቃ ወርቁ፣ «ስለ ማርያም ብለሽ አውርጂላቸው።»

«አወርድልዎታለሁ ጋሼ» አለች ዓይናለም ወደ ካሳሁን ዞራ። «ፊልሙ ሲያልቅ።»

ከሙሽራው አመጣጥ ጀምራ ከፈተችው። ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል።