ትኋን የሌለበት ቤት

ወታደሮች የያዙኝ ከዘንገና ወደ ኢንጅባራ በሚወስደው የእግር መንገድ ላይ ነው። ቦርሳዬን ገልብጠው አራገፉት፤ ጃንጥላ፣ ግማሽ ዳቦ፣ ቀይ እስክሪብቶና የቀበሌው መዝገብ ወጣ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ መሆኔን ነገርኳቸው። ቤት ለቤት እየዞርኩ ቁንጫና ትኋን እንዴት እንደሚጠፋ፣ አይጥ ከእህል እንዴት እንደሚርቅ አስተምራለሁ አልኩ። አንዱ ወታደር መዝገቡን ገለጠና ከሰባት ስሞች ጎን ያለውን ቀይ ምልክት በጣቱ እየነካ ቆጠረ። ከዚያ በኋላ ስለ ጤና የጠየቀኝ ሰው የለም።

ያስገቡኝ የዘር ድንች ይቀመጥበት በነበረ መጋዘን ውስጥ ነው። በሳንቃ ለሁለት ተከፍሏል፤ ወንዶቹ በዚያ፣ እኛ ስምንት ሴቶች በዚህ። ወለሉ እርጥብ አፈር ነው። የበሰበሰ ድንች ሽታ ከልብሳችን አልለቅ ብሎ ነበር። የጭቃው ምርጊት ከላይ እስከ ታች ተሰነጣጥቆ፣ ከእኛ በፊት የተኙት ሰዎች ትተውት የሄዱት ትኋን በየስንጥቁ ተሰግስጓል። ስድስት ዓመት ሙሉ ሰው ስለ ትኋን ሳስተምር ኖሬ፣ ከትኋን ጋር ያደርኩት ያን ጊዜ ነው።

መርማሪው ቀዩ ምልክት ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። ትኋን የተገኘባቸው ቤቶች ናቸው፣ ተመልሼ ልጎበኛቸው ነው አልኩት።

«በዚህ ጊዜ ለትኋን ብለሽ ገደል ለገደል ትዞሪያለሽ?» አለኝ።

ለታጣቂዎች ስንቅ የሚያቀብሉ ቤቶች ናቸው ብሎ አምኗል። ከዚያ የሆነውን አልጽፈውም። የግራ ጆሮዬ ዛሬም በደንብ አይሰማም።

በሦስተኛው ቀን ምልክት ያለባቸውን ሰዎች ሰብስበው አመጧቸው። ስድስት አባወራዎችና አንዲት ባልቴት ናቸው። ባልቴቷ ወደ እኛ ክፍል ገብተው ጥግ ላይ ተቀመጡና ለሴቶቹ በአዊኛ ነገሩ፤ ወታደሮቹ ወረቀት አሳይተዋቸው ቤትሽ ቀይ አለበት ብለዋቸዋል። ቀይ ምን ማለት እንደሆነ ግን የነገራቸው የለም።

የእሳቸውን ቤት ምልክት ያደረግሁበትን ቀን አስታውሳለሁ። ዝናብ ይጥላል፤ መሽቶብኛል፤ ሪፖርቱ ለማግሥቱ ይፈለጋል። ቤቱ በቀርቀሃ አጥር የተከበበ ነው፤ ደጁ ላይ ውሻ ታስሯል። ከአጥሩ ውጭ ቆሜ አሮጌውን የሣር ክዳን አየሁና ይሄማ ትኋን አያጣውም ብዬ ቀዩን አሰፈርኩበት። የስድስቱን ቤት ገብቼ፣ መኝታ ገልጬ አይቻለሁ። የእሳቸውን ደጅ እንኳን አልረገጥኩም።

በማግሥቱ ጠዋት ባልቴቷ ተነስተው ግድግዳውን በመዳፋቸው ዳበሱት። ይሄን ቤት የያዘው ማን ነው ብለው ተቆጡ፤ ባለቤቱ ሰምቶ የሚያፍር መስሏቸው ይሆን እንጃ። ጠባቂውን ለምነው ከወጥ ቤት አመድ በጣሳ አስመጡ። ሽንት ቤት ስንወጣ እያንዳንዳችን እፍኝ ጭቃ በነጠላችን ጫፍ ቋጥረን እንድንመለስ አዘዙን። ከምንጠጣው ውኃ ቀንሰው ጭቃውን ከአመዱ ጋር አቦኩትና ስንጥቁን በአውራ ጣታቸው እየጠቀጠቁ መምረግ ጀመሩ። ትኋን ቀዳዳ ካጣ መዋያ የለውም፣ መዋያ ካጣ አይራባም አሉን። እቤታቸው በየወሩ በእበትና በአመድ ይለቀልቃሉ። የቀርቀሃ አልጋቸውን በየሳምንቱ አውጥተው ፀሐይ ያስመቱታል፤ መገጣጠሚያው ላይ የፈላ ውኃ ያፈሱበታል። እኔ በሥልጠና ከተማርኩት አንድም የቀራቸው የለም። እኔ የማላውቀውንም ጨምረውበታል።

የመጀመሪያውን ቀን ሳልነግራቸው አብሬያቸው ስመርግ ዋልኩ። በሁለተኛው ቀን አቃተኝና ምልክቱን ያደረግሁት እኔ መሆኔን፣ ምን ማለት እንደሆነም ነገርኳቸው።

እጃቸው ግድግዳው ላይ ቀረ። «ሳትገቢ?» አሉኝ።

«ሳልገባ።»

«የፈራሽው ዝናቡን ነው ውሻውን?»

«ሁለቱንም፣ እናቴ። ደግሞም ደክሞኝ ነበር።»

«የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ» አሉና ወደ ምርጊታቸው ተመለሱ። ይሰድቡኛል ብዬ ስጠብቅ አንድ ስንጥቅ መርገው ጨረሱ። በኋላ ግን ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ «ሰው ታስሮ ይፈታል። ትኋናም የተባለ ቤት ግን ማን ያድርበታል?» አሉኝ። ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር።

በስድስተኛው ቀን መርማሪው ሁላችንንም ግቢ ውስጥ አሰለፈን። በስተኋላችን አንድ የጭነት መኪና ሞተሩን አስነስቶ ቆሟል። ከዚያ በፊት በዚያ መኪና የተጫኑ ሰዎች የት እንደገቡ አልተሰማም። መርማሪው መዝገቡን ይዞ፣ የእኔን ቃል ሊያጣራ፣ ሰባቱን በየተራ ቤትህ ትኋን አለ ወይ ብሎ መጠየቅ ጀመረ።

የመጀመሪያው ቀጥ ብለው የሚሄዱ፣ በፈረሳቸው የታወቁ ገበሬ ነበሩ። «እኔ ቤት? የለም» አሉ። ሁለተኛውም የለም አለ። ሦስተኛውም፣ አራተኛውም። የአራቱንም መኝታ በገዛ እጄ ገልጬ አይቻለሁ። በእኛ አገር ሰው ረሃቡን ይናገራል እንጂ ትኋኑን አይናገርም፤ ያውም ጎረቤቱ እየሰማ፣ ያውም ለባዳ። የለም ባሉ ቁጥር መርማሪው ቀና ብሎ ያየኛል፣ የካደውንም ወደ መኪናው ዳር ያቆመዋል። ገመናቸውን የሸሸጉ መስሏቸው በራሳቸው ላይ ይፈርዱ ነበር። ልጮህ ፈለግሁ፤ የእኔ ቃል ግን ከዚያ ወዲያ ዋጋ አልነበረውም።

አምስተኛዋ ባልቴቷ ነበሩ።

«አለ፣ ጌታዬ» አሉ። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ነው፣ ሁሉም እንዲሰማ። «ሞልቷል። ግድግዳውም አልጋውም። ይቺ ልጅ ገብታ አይታዋለች፣ አፍሬ ነው እስካሁን ዝም ያልኩት።»

ወታደሮቹ ሳቁ። ቀጥሎ የተጠየቁት ሁለቱ እኛም ቤት አለ አሉ። ከመኪናው ዳር ሦስቱ፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ እኛም ጋ አለ ብለው ተጣሩ። መርማሪው አገሩ ሁሉ ትኋናም ነው ብሎ መዝገቡን ዘጋ። ባለፈረሱ ግን ቃላቸውን አልለወጡም። እኔ ልለምናቸው ስሞክር አንዱ ወታደር ገፈተረኝ። እሳቸው ብቻቸውን ተጫኑ፤ እስከ ዛሬ የት እንዳሉ አይታወቅም። ባልቴቷ መኪናው ከግቢው እስኪወጣ ፊታቸውን ሳይሸፍኑ ቆመው አዩት።

ስድስቱን በሳምንቱ ለቀቋቸው። እኔን ግን ምክንያቱን ሳይነግሩኝ ሁለት ወር ተጨማሪ አቆዩኝ። ከዚያ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ፤ ሥራው ያው ነው፣ እኔ ግን ገብቼ ያላየሁትን አልጽፍም።

ባልቴቷን መንደሩ ባለ ትኋኗ ይላቸዋል። በባላቸው ተዝካር ከግምጃ ቤት ከተማ የመጡ ዘመዶች በልተው ጠጥተው ሲያበቁ ለማደር ጎረቤት ገቡ። ይህን ስሰማ እቤታቸው ሄድኩና እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለሕዝቡ እውነቱን እናገራለሁ አልኳቸው።

«ተይ» አሉኝ። «ወታደሮቹ የሰሙት ያንን ነው። ሌላ ቃል ከደረሳቸው ተመልሰው ይመጣሉ። እኔ አንድ አሮጊት ነኝ፤ አብረውኝ የተፈቱት ግን ልጆች አሏቸው።»

ትክክል ናቸው። ስማቸውን ያጠፋሁት በአንድ መስመር ቀለም ነው፣ ላጸዳላቸው ግን አልችልም። የምችለው አንድ ነገር ብቻ ሆኖ ስላገኘሁት በዚያው ቀን አሳድሩኝ አልኳቸው። ትንሽ አይተውኝ ሄደው አልጋውን አነጠፉ። ጠዋት እጅጌዬን እስከ ክርኔ ሰብስቤ ወጣሁ። ዘንገና በጠዋት ምን ያህል እንደሚበርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። አንዲት ጎረቤት መንገድ ላይ አገኘችኝና የት አድሬ እንደሆነ ጠየቀችኝ። እሳቸው ቤት አልኳት። አንድም ትኋን ያልነካውን ክንዴን እስኪበቃት አየችው፣ ብርዱን እንዴት ቻልሽው ብላኝ አለፈች።

አሁን በወር አንድ ቀን እዚያ አድራለሁ። ስወጣም እጅጌዬን ሰብስቤ፣ ሰው ወደ ገበያ የሚጎርፍበትን ሰዓት ጠብቄ ነው።