ኳስ ሜዳ ላይ የወረደ ዘፈን

ባለፈው ወር ከደሴ ወደ መካነ ሰላም ስሄድ፣ አቀስታን እንዳለፍን ሹፌሩ አዲስ ዘፈን ከፈተ። ድምፁን ወዲያው ለየሁት። አጠገቤ የተቀመጠው ወጣት «ይቺ እኮ ኳስ ተጫዋቿ ናት፤ ኳሱን ትታ ዘፋኝ ሆነች» አለኝ። ዜናውን እኔም ለሬዲዮ ሠርቼዋለሁና አልተሳሳተም። ለእኛ ለሰፈሯ ልጆች ግን ዘምዘም መጀመሪያውኑ ዘፋኝ ነበረች፤ ኳስ ነው የወሰደብን።

ልጅ እያለን መካነ ሰላም ውስጥ ቤታችን ጎን ለጎን ነበር። እናቷ ጅዳ ስለሚሠሩ ያሳደጓት አክስቷ እማ ሰዓዳ ናቸው። እስላም ክርስቲያን ሳይባል ሰርግ ያለበት ቤት ሁሉ ዘምዘምን ይጠራል። ገና ተማሪ ብትሆንም አውራጅ ነበረች። አውራጅ ከፊት ሆና ግጥሙን ትላለች፣ ሌሎቹ ይቀበሏታል፤ ከቆሙት መሐልም አንዷን በስሟ ጠርታ ወደ ጭፈራው ታስገባለች። የተጠራች ሴት እምቢ አትልም፤ አውራጅ ጠርታ ዝም የሚል ተቀባይም የለም። ነውር ነው።

ትምህርት ቤታችን የሴቶች ቡድን ሲያቋቁም ዘምዘም አማካይ፣ እኔ የግራ ክንፍ ሆንን። ሜዳው ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ነበር፤ ወደ ታች ያዘነብላል። ኳሱ ባመለጠ ቁጥር ባሕር ዛፎቹ ሥር ስለሚገባ ሁልጊዜ የቅጠሉ ሽታ ነበረው። ዘምዘም እንደ ሌሎቻችን መጮህ አታውቅም። ሻሿን ወደ ኋላ ጥብቅ አድርጋ አስራ፣ ኳሱን እየገፋች፣ «ትርንጎ ነይ፣ ነይ በግራ!» ስትል ዜማ ነበረው። ሳላስበው እግሬ ይነሳል። እስከ ዛሬ በስሜ እንደዚያ የጠራኝ ሰው የለም።

በጥር ወር አንድ አሰልጣኝ ከደሴ መጥቶ ከወግዲ ቡድን ጋር ስንጫወት እንደሚያየን ተነገረን። የተመረጠች ልጅ ደሴ ገብታ ትሠለጥናለች፤ አሰልጣኙ ደግሞ ተመልሶ አይመጣም። ችግሩ፣ የዚያኑ ቀን የጎረቤታችን ልጅ ትዳራለች።

«እማ፣ ጨዋታው እንዳለቀ በሩጫ እመጣለሁ» አለቻቸው ዘምዘም እኔ በቆምኩበት።

«ሙሽሪትን በዝምታ ላስወጣት ነው? ወሏሂ አይሆንም!»

«ሌላ ሴት ታውርድላት።»

«ማን? እኔ በዚህ ድምፄ? ሙሽራው ፈርቶ ይመለሳል።»

በዕለቱ ዘምዘም ማሊያውን በቀሚሷ ሥር ለብሳ፣ ውኃ ልቅዳ ብላ ወጣች። ጀሪካኑን ከጎሉ ቋሚ ጀርባ አስቀምጣ ወደ ሜዳ ገባች።

የወግዲ ልጆች ጠንካሮች ነበሩ። ገና ወደ እረፍት ሳንወጣ በሜዳው ዳር የሰርግ ልብስ የለበሱ ሴቶች ሲመጡ አየሁ። ከፊት እማ ሰዓዳ ናቸው፤ አንዷ ከበሮውን እንዳነገተች ነው የመጣችው። እጇን ይዘው ሊወስዷት እንደመጡ ገባኝ። አሰልጣኙ እስከዚያ የረባ ነገር አላየላትም። እማ ሰዓዳ መስመሩን ሊያልፉ አንድ እግራቸውን ሲያነሱ፣ ዘምዘም ኳስ አግኝታ ቀና አለች። ሴቶቹን ጨርሶ አላየቻቸውም።

«ትርንጎ ነይ፣ ነይ በግራ!»

«ነይ በግራ!» ብለው ተቀበሏት ሴቶቹ፣ በአንድ አፍ። ከበሮው ተመታ። የመጡበት ቁጣ የት እንደገባ እንጃ፤ እጃቸው ቀድሞ አጨብጭቦ ነበር። ዘምዘም ደነገጠች፤ ኳሱን ግን አሳለፈችልኝ። ከዚያ በኋላ በጠራች ቁጥር ጭብጨባው ተከተለ፣ እልልታ ተጨመረ። የወግዲዋ ተከላካይ እየሳቀች ወደ አሰልጣኟ ዞራ «የእኛ አውራጅ የታለች?» አለች።

ዳኛው ፊሽካ ነፍቶ ወደ ሴቶቹ ሄደ። «እናቶቼ፣ ይሄ ኳስ ነው! ሰርጉ ወዲያ ነው!»

«እንዴ ልጄ፣ እሷ ጠርታ እኛ ዝም እንበል?» አሉት እማ ሰዓዳ። «እሷን ዝም አሰኛት እንጂ!»

ዳኛው ሳቁን መያዝ አቅቶት ጀርባውን ሰጣቸው። ሴቶቹ ዘምዘምን ሊወስዱ መጥተው እስከ መጨረሻው ቆሙ። እውነቱን ለመናገር ተሸንፈናል። አሰልጣኙ ግን በቀጥታ ወደ ዘምዘም መጥቶ፣ ደሴ ልውሰዳት ብሎ አሳዳጊዋን ጠየቀ። እማ ሰዓዳ በነጠላቸው ጫፍ የልጅቱን ፊት ከአቧራ ጠረጉ።

«ዛሬ ሙሽራዋን ትሸኝልኝ» አሉ በመጨረሻ። «ነገ ይውሰዷት።»

ያን ቀን ዘምዘም ማሊያዋን ሳታወልቅ አወረደች። የቡድናችንን ልጆች በየስማችን ጠርታ አስገባችን፤ ያቺን የወግዲ ተከላካይ እንኳ አልተወቻትም። ሙሽራዋ አለቀሰች፣ እማ ሰዓዳም አለቀሱ። የማን ሽኝት እንደሆነ ግራ እስኪገባን ድረስ።

ከደሴ አዲስ አበባ ሄዳ ለትልቅ ክለብ ተጫወተች። ጋዜጠኛ ሆኜ ብዙ ጊዜ ስትጫወት አይቻታለሁ። ኳስ ስትፈልግ እጇን ታነሳለች፤ ድምፅ የለም። ደሴ እንደገባች አሰልጣኞቹ «በአጭሩ ‹ግራ› በይ፣ ይበቃል» እንዳሏት በኋላ ነገረችኝ። እኔ ግን መቀመጫዬ ላይ ሆኜ ያን ጥሪዋን ሁልጊዜ እጠብቅ ነበር።

ለዜናው ስደውልላት፣ በዘፈኑ ውስጥ የሚቀበሏት ሴቶች እነማን እንደሆኑ ጠየቅኋት። «እኔው ነኝ» አለችና ሳቀች። «ስቱዲዮ ውስጥ ደጋግሜ ቀዳሁት።» መካነ ሰላም መጥታ ትዘፍን እንደሆነ ስጠይቃት ግን ሳቋ ቀረ። «ማን አለና ትርንጎዬ? አይሻ ቤይሩት፣ ዘሀራ ሪያድ፣ አንቺም አዲስ አበባ።» አይሻና ዘሀራ የድሮ ተቀባዮቿ ናቸው። ዛሬ ዛሬ ሰርጋችን ላይ ኪቦርድና ትልቅ ስፒከር አለ፤ የሚያወርደውም የሚቀበለውም እሱ ነው። ሴቶቹ ወንበር ላይ ተደርድረው በስልክ ይቀርጻሉ።

ከሚኒባሱ እንደወረድኩ እማ ሰዓዳ ዘንድ ሄድኩ። ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ፤ በጣም አርጅተዋል። ዘምዘም ያለችውን ነገርኳቸው።

«ማን አለ አለች?» አሉ ቀና ብለው። «እኔስ? እኔ አለሁ በያት። ጉልበቴ ነው እንጂ የደከመ፣ እጄ ለጭብጨባ ደህና ነው።»