ታሜ ያገባት ጎል

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለሚስቴም፣ ለነፍስ አባቴም። ለነፍስ አባቴ ሌላውን ሁሉ ተናዝዣለሁ፤ እዚህች ላይ ስደርስ ግን ሁሌ ሳል ይይዘኛል። ምናልባት እሳቸውም የሚዛን ከተማ ቡድን ደጋፊ ስለሆኑ ይሆናል።

ሥራዬ ቀጥታ ስርጭት ከመጀመሩ በፊት ካሜራዎችን ማዘጋጀት ነው። እያንዳንዱ ካሜራ ከሚቀርጸው ምስል ጋር ሰዓት ይመዘግባል፤ ታይምኮድ እንለዋለን። የሁሉም ሰዓት አንድ እንዲሆን ካሜራዎቹን በገመድ ከአንድ መሣሪያ ጋር አገናኛለሁ። የካሜራውን ቁጥር፣ የቦታውንና የባለሙያውን ስምም ከምስሉ ጋር አብሮ እንዲቀመጥ እሞላለሁ። ከባድ ሥራ አይደለም፤ የሚፈልገው ትዕግሥት ብቻ ነው። እኔ ያን ቀን ትዕግሥት አጣሁ።

ሚዛንና ቴፒ ለዋንጫ የሚጫወቱበት ቀን ነበር። ከቴፒ በአይሱዙ ተጭኖ የመጣው ደጋፊ ከጠዋት ጀምሮ ከተማውን በጭፈራ አናውጦታል። ከጎሉ ጀርባ ለምትቆመው ሦስተኛዋ ካሜራ ገመዱ አልደርስ አለ። መቀጠያው ቢሮ ነበር፤ ሄጄ ማምጣት እችል ነበር። እኔ ግን የእጅ ሰዓቴን አይቼ የካሜራዋን ሰዓት በግምት ሞላሁና ጭፈራውን ለማየት ሮጥኩ። ማን አስገደደኝ? ማንም።

ጨዋታው አንድ ለአንድ ሆኖ ሊያልቅ ሲል፣ ታምራት የሚባል የቴፒ አጥቂ ከሩቅ አክርሮ መታ። ኳሷ መረቡን ነካች፤ ፊሽካውም ተነፋ። የትኛው ቀደመ? ዳኛው ሰዓቱን እያየ ስለነፋ ኳሷን አላያትም። ቴፒዎች «ጎል!» ሚዛኖች «አልቋል!» እያሉ ሜዳውን ሞሉት።

የውድድሩ ኮሚቴ ሰብሳቢ ምስሉን ወደምንቆጣጠርበት መኪና መጡ።

«ልጄ፣ ማሽኑ ምን ይላል?»

የፊሽካው ድምፅ ያለው በመጀመሪያዋ ካሜራ ላይ ነው። ጎሉን በደንብ የቀረጸችው ሦስተኛዋ ናት፤ እሷ ደግሞ ማይክ አልተገጠመላትም። የሁለቱን ሰዓት አስተያየሁ። እንደ ቁጥሩ ከሆነ ኳሷ የገባችው ፊሽካው ከተነፋ በኋላ ነው። እንደ ቁጥሩ! ቁጥሩን የሞላው ማን ሆነና? ወዲያው ትዝ አለኝ። «ሦስተኛዋን አይመኗት» ማለት ሁለት ቃል ነው። አላልኩም።

«ከፊሽካው በኋላ ነው» አልኳቸው።

«እርግጠኛ ነህ?»

«ማሽን ነው እኮ፣ ጋሼ!»

ጎሉ ተሻረ። ሚዛን በመለያ ምት አሸነፈ። እኔንም ከተጫዋቾቹ እኩል ትከሻ ላይ አወጡኝ። ደስ አለኝ፤ ምን እደብቃለሁ፣ በጣም ደስ አለኝ!

በማግስቱ ሁለቱን ካሜራዎች ጎን ለጎን አቁሜ ፊታቸው አጨበጨብኩ። የሦስተኛዋ ሰዓት ይቀድማል። የቀደመችውን ያህል ስቀንስ፣ ኳሷ ከፊሽካው በፊት መረብ ውስጥ ነበረች። ታዲያ ምን አደረግኩ? ሮጬ ሄጄ ተናገርኩ? የለም። የካሜራዋን ሰዓት አስተካከልኩ። ሥራዬን በጥንቃቄ የሠራሁት ያን ጠዋት ነው፤ ጥፋቴን ለመሸፈን።

ታምራት ዛሬ እዚሁ ሚዛን አግብቶ፣ ወልዶ፣ ባጃጅ ይነዳል። ታሜ እንለዋለን። ወዳጄ ከሆነ ቆይቷል። በቀደም በባጃጁ ወደ አማን ሲወስደኝ አጠገቤ የተቀመጠ ሰውዬ አወቀውና ያበሽቀው ጀመር።

«እስቲ በእናትህ፣ ያቺ ኳስ እውነት ከፊሽካው በፊት ገብታ ነበር?»

ታሜ ሳቀ። «በፊት በፊት ገብታለች ብዬ እምል ነበር። ግን ይኸው ሰለሞን አጠገብህ አለ፣ ጠይቀው፤ ማሽኑ ከፊሽካው በኋላ ነው አለ። እንግዲህ ዓይኔ ነዋ የተሳሳተው!»

በመስታወቱ አይቶኝ ጠቀሰኝ። እኔም ፈገግ አልኩ። ፈገግ አልኩ! ዋንጫውን መንጠቄ አንሶ ሰውየው የገዛ ዓይኑን እንዲጠራጠር አደረግኩት፤ ከዚያም አብሬው ሳቅኩ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ? ልጅ ነበርኩ ልበል? ሥራዬን እንዳላጣ ፈርቼ ነው ልበል? ፈርቼም ነበር፤ ግን የሚዛን ልጅ መሆኔም አለበት። ሁለቱም ሰበብ አይሆኑኝም።

ይህን ጽሑፍ ከማንም በፊት የሚያነበው ታሜ ነው። ቅዳሜ የድሮ የቡድን ጓደኞቹን ሊያገኝ ቴፒ ይወርዳል፤ ካላባረረኝ አብሬው እሄዳለሁ። የቴፒን ሰው አውቀዋለሁ። መጀመሪያ ይጮህብኛል፣ ከዚያ ምሳ ይጋብዘኛል፣ እያጎረሰኝም ይሰድበኛል። ይበለኝ። የሚያስፈራኝስ ስመለስ የሚዛን ሰው የሚለኝ ነው።

ታሜ፣ ይቅር በለኝ። አልልም ብትልም አልቀየምህም። ጎል ነበር። ያውም ንጹህ ጎል።